ስለ ሁለቱ ራቦች
በመብል ጸንቶ ስለ መኖር የተዘጋጀ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፤ መብል መልካም ነገር ነው። ሥጋን ያቆማል፤ ለሥራ ኃይል ይሰጣል፤ ወዳጅን ከወዳጁ ጋራ በአንድ መሶብ ዙሪያ ያስቀምጣል። ስለዚህ ይህ ትምህርት የተጻፈው መብልን ለመንቀፍ አይደለም። የተጻፈው ሳይርባቸው ስለሚበሉ ሰዎች ነው፤ ይኸውም ሐዘን ወይም ቁጣ ወይም ብቸኝነት ባገኛቸው ጊዜ ወደ ጓዳ ገብተው፥ ልባቸው የሚሻውን ነገር ከሆዳቸው ጥጋብ ዘንድ ስለሚፈልጉ ሰዎች ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ሆዳም ብሎ መስደብ አይገባም። ምናልባት ቀኑን ሁሉ ሌላውን ሲያገለግል የዋለ፥ ትዕግሥተኛና ሥራ ወዳድ ሰው ነው። ማታ ግን ብቻውን ሲቀር ይበላል፤ ከበላ በኋላ ያፍራል፤ ስላፈረም ያዝናል፤ ስላዘነም እንደ ገና ይበላል። ከዚህ ቀለበት መውጫ አለን? አለ። ነገር ግን መውጫው ብዙዎች እንደሚያስቡት በራስ ላይ መጨከን አይደለም። አሁን በየተራው እንመርምር።

1ኛ። ራብን ከሐዘን ስለ መለየት

የሆድ ራብ በዝግታ ይመጣል። ሰው ከበላ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይጀምራል፤ ቀስ በቀስም ይበረታል፤ የቀረበለትንም አይንቅም። ሽሮም ቢሆን፥ ጎመንም ቢሆን፥ ትናንት ያደረ እንጀራም ቢሆን ደስ ብሎት ይበላል፤ ሲጠግብም ይበቃዋል። የልብ ራብ ግን በድንገት ይነሣል። ስለምን ቢሉ፥ ከአንድ ክፉ ቃል ወይም ከአንድ ጭንቀት የተወለደ ነውና። ይህም ራብ ሽሮን አይሻም፤ ጣፋጩን ወይም ቅባት የበዛበትን፥ አስቀድሞ የለመደውን አንዱን ነገር ብቻ ይሻል። ሆድም ከሞላ በኋላ ዝም አይልም።

እንግዲህ እጅህን ወደ መብል ስትዘረጋ ራስህን እንዲህ ብለህ ጠይቅ፤ አሁን በቤት ያለው ሽሮና እንጀራ ብቻ ቢሆን እበላ ነበርን? መልሱ አዎን ከሆነ ርቦሃልና ተቀምጠህ ብላ። መልሱ አይደለም ከሆነ ግን የተራበው ሆድህ አይደለም። ያን ጊዜ የተራበውን ነገር በስሙ ጥራው፤ ደክሞኛል፥ ተቈጥቻለሁ፥ ፈርቻለሁ፥ ሰው ናፍቆኛል በል። ስም የወጣለት ሐዘን ግማሽ መድኃኒቱን አግኝቷል።

ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ከዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ፥ አስቀድሞ የተሰጠው እንቅልፍና እንጎቻ፥ ውሃም ነበረ፤ ሥጋው ደክሞ ነበርና። ሐዘኑ ግን በእንጎቻው አላለቀም። ወደ ተራራው ከደረሰ በኋላ ስለ ሐዘኑ ተጠየቀ፥ እርሱም ያለውን ተናገረ፤ ብቻውን የቀረ መስሎት ነበርና በኋላ ጓደኛ የሚሆነው ሰው ተሰጠው። ለሥጋው እንጀራ፥ ለልቡም ቃልና ጓደኛ ሆነለት። አንዱ በሌላው ፈንታ አልተሰጠም።

2ኛ። ሐዘን ስለምን ጣፋጭን እንደሚሻ

ይህ ነገር የፈቃድ ድካም ብቻ አይምሰልህ። ሰው ለብዙ ቀን ሲጨነቅ፥ ከኵላሊቶቹ በላይ ካሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደሙ ይገባል፤ ጭንቀቱም ሲረዝም ይህ ነገር የመብልን ፍላጎት ይጨምራል። ጣፋጭና ቅባት ያለበት መብል ደግሞ በአንጎል ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ደስታን ያነሣሣል። አንጎልም ይህን አይረሳም፤ በሌላ ቀን ሐዘን ሲመጣ ያንኑ መንገድ ያሳያል። እንቅልፍ ያጣ ሰውም እንዲሁ ከልኩ በላይ ይርበዋል። የጥጋብም ወሬ ከሆድ ወደ አንጎል እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃልና፥ ፈጥኖ የሚበላ ሰው ወሬው ሳይደርሰው ከልኩ ያልፋል።

ልኩስ ምን ያህል ነው ብትል፥ ስለ ስኳር የተባለውን ስማ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፥ በመብልና በመጠጥ የሚጨመረው ስኳር፥ ማርና የፍሬ ጭማቂም ተቈጥረው፥ ሰው በቀን ከመብሉ ከሚያገኘው ኃይል ከመቶ 10 እጅ በታች እንዲሆን፥ ከመቶ 5 በታች ቢሆን ደግሞ እንደሚሻል ተናግሯል። ይህ ሁለተኛው ለአንድ ጐልማሳ 25 ግራም፥ ማለት 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። 330 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ቆርቆሮ ኮላ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ። እንግዲህ ከሥራ የተመለሰ ሰው ድካሙን ለማስረሳት ያን አንዱን ቢጠጣ፥ በሻዩ የሚጨምረው ሳይቈጠር ከሚሻለው ልክ አልፏል። ይህም ልማድ ሲበዛ ጥርስን ያበሰብሳል፥ ሥጋንም ያወፍራል፤ ውፍረትም ለስኳር በሽታ፥ ለደም ግፊትና ለልብ በሽታ በር ይከፍታል።

3ኛ። ጭካኔ ስለማይጠቅም

ይህን የሰማ ሰው ቶሎ ይነሣና፥ ከነገ ጀምሮ ጣፋጭ አልቀምስም፤ በቀንም አንድ ጊዜ ብቻ እበላለሁ ብሎ ይምላል። አምስት ቀን ይጸናል። በስድስተኛው ቀን ማታ ግን የተወውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይበላዋል። ከዚያም፥ እኔ የማልረባ ሰው ነኝ ብሎ ተስፋ ይቈርጣል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን የሚያስረዳ አንድ ታላቅ ምርመራ አለ። በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፥ አንሰል ኪስ የሚባለው ሊቅ ከኅዳር 1944 እስከ ታኅሣሥ 1945 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 36 ጐልማሶችን መረመረ። እነዚህ ሰዎች ሕሊናቸው ጦር እንዳይዙ የከለከላቸው ነበሩ፤ በጦርነቱ የተራቡት ሕዝቦች እንዴት እንደሚረዱ ይታወቅ ዘንድ በፈቃዳቸው ለመራብ ራሳቸውን ሰጡ። ለ24 ሳምንት ከቀድሞው መብላቸው ግማሽ ያህል ብቻ ተሰጣቸው፤ ከክብደታቸውም አራተኛው እጅ ያህል ጐደለ። ያን ጊዜ ሐሳባቸው ሁሉ መብል ሆነ፤ አንዳንዶቹ የወጥ አሠራር መጻሕፍትን እየሰበሰቡ ያነቡ ነበር። እንደ ልባቸው እንዲበሉ በተፈቀደላቸውም ጊዜ ብዙዎቹ ሆዳቸው እስኪጨነቅ በልተው ገና አልጠገብንም አሉ።

የእነርሱ ራብ እጅግ የከበደ ነበረ፤ አንተ ቁርስ ከመተውህ ጋራ ትክክል አይደለም። ትምህርቱ ግን ለሁላችን ነው። እነዚህ ሰዎች ለሌላው ሕይወት ሲሉ ለመራብ የቈረጡ ነበሩና ፈቃዳቸው ደካማ አልነበረም። እንግዲህ ራሱን አብዝቶ ያስራበ ሰው በኋላ አብዝቶ ቢበላ፥ የሥጋ ሥርዓት ነው እንጂ የጠባይ ክፋት አይደለም። በአገራችንም የሁዳዴን ጾም የጨረሰ ሰው በፋሲካ ዕለት ዶሮውንና ቅቤውን በአንድ ጊዜ ቢጭንበት ሆዱ እንደሚታወክ ሁሉ ያውቃል። ይህን የምናገር ጾምን ለመንቀፍ አይደለም፤ ጾም የራሱ ጊዜና ሥርዓት አለው። ትናንት አብዝቼ በላሁ ብሎ ራስን በራብ መቅጣት ግን ጾም አይባልም።

4ኛ። የሚጸና ሥርዓት

እንግዲህ ምን እናድርግ? ታላቅ ስእለት ትተን ታናሽ ሥርዓት እንያዝ።

አስቀድሞ በጊዜው ብላ። ቀኑን ሁሉ ባዶ ሆድህን የዋልህ እንደ ሆነ ማታ ራብና ሐዘን ተባብረው ይመጡብሃልና ልትለያቸው አትችልም። ምስር፥ ሽምብራ፥ ባቄላ በሆድ ውስጥ በዝግታ የሚፈጩ ናቸውና ጥጋባቸው ይቈያል፤ ጎመንና ሌላውን አትክልት ጨምርበት። እኅቴ ሆይ፤ አንቺም ለቤተ ሰቡ ሁሉ አቅርበሽ፥ ራስሽ ሳትቀመጪ ከድስቱ እየቀመስሽ የምትውዪ እንደ ሆነ፥ ይህ ቃል ይልቁን ለአንቺ ነው። የራስሽን ድርሻ አውጥተሽ ከሌሎቹ ጋራ ተቀምጠሽ ብዪ። ሌሊት ብቻሽን በጓዳ የምትበዪው፥ ብዙ ጊዜ በቀን ለራስሽ የነፈግሽው ነው።

ሁለተኛ፥ የሚፈትንህን ነገር ከዓይንህ አርቅ። ብስኩቱ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በየሰዓቱ ከእርሱ ጋራ ከመታገል፥ በገበያ አንድ ጊዜ ትቶት ማለፍ ይቀላል።

ሦስተኛ፥ ለሐዘንህ ሌላ በር አዘጋጅለት። ሐዘኑ ከመጣ በኋላ ምክር አይገኝምና አስቀድመህ ቍረጥ። ተቈጥቼ ከሥራ የተመለስሁ እንደ ሆነ፥ ወደ ቤት ሳልገባ እስከ መንገዱ ዳር በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ በል። ሰው የናፈቀኝ እንደ ሆነ፥ ለእኅቴ ስልክ እደውላለሁ ወይም ጎረቤቴን እጠይቃለሁ በል። የደከመኝ እንደ ሆነ እተኛለሁ በል። በሩ ሳይዘጋጅለት ሐዘኑን አትብላ ብቻ ብትለው አይሰማህም።

ይህ ልማድ እስኪሆን ስንት ቀን ይፈጃል? በለንደን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መርማሪዎች በ96 ሰዎች ላይ ያደረጉት ምርመራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ታትሟል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ታናሽ ነገር፥ ለምሳሌ በምሳ ጊዜ ፍሬ መብላትን፥ በየቀኑ እንዲያደርግ መረጠ። ነገሩ ያለ ትግል የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በመካከለኛው ልክ 66 ቀን ፈጀ፤ ለፈጣኑ ግን 18 ቀን፥ ለዘገየው በስሌታቸው 254 ቀን ሆነ። ከሁሉም የሚያጽናናው ይህ ነው፤ አንድ ቀን የዘለለ ሰው ልማዱ ስለዚያ አልፈረሰበትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል መባሉ በከንቱ አይደለም።

5ኛ። በሰው ቤት ስለ መብላት

በአገራችን መብል ፍቅር ነው። ባለቤቲቱ በሞቴ ብላ ስታጐርስህ አልፈልግም ብሎ ፊትን ማዞር ያስቀይማል። ነገር ግን ፍቅሩን መቀበልና መብሉን ሁሉ መጨረስ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያዪቱን ጉርሻ በምስጋና ተቀበል፤ ሙያዋን አመስግን፤ ቀስ ብለህም ብላ፤ ሰሐንህ ባዶ ካልሆነ አይጨመርብህምና። ስኳር በሽታ ወይም ደም ግፊት ያለብህ እንደ ሆነም ሳታፍር ተናገር፤ የሚወድህ ሰው ይህን ከሰማ አያስገድድህም።

አንተም አስተናጋጅ ስትሆን እንግዳህን እስኪጨነቅ አታስገድደው። በለቅሶ ቤት ግን ሐዘንተኛው እህል እንዲቀምስ ወዳጆቹ መለመናቸው መልካም ልማድ ነው፤ እርሱ መብሉን ረስቷልና። በዚያ ደግሞ የሚያጽናናው እህሉ ብቻ እንዳይደለ ልብ በል፤ ከእርሱ ጋራ ተቀምጠው የሚያድሩት ሰዎች ናቸው።

6ኛ። ስለ ወደቀ ሰው

አንድ ማታ ሐዘን አሸንፎህ ብትበላ፥ ዛሬስ ተበላሽቷል ብለህ የቀረውን አትጨምርበት። ማሰሮ ቢሰነጠቅ ባለቤቱ ተናድዶ በድንጋይ አይሰብረውም። በማግሥቱም ራስህን በራብ አትቅጣ፤ ቁርስህን እንደ ወትሮው ብላ። ከዚያም ያለ ስድብ ጠይቅ፤ ትናንት የተራበው ምን ነበር?

ደግሞ ይህን አስብ። በሥውር ብዙ የሚበላ፥ ማቆም የሚያቅተው፥ ወይም ከበላ በኋላ ራሱን የሚያስመልስ ሰው በሽታ ይዞታልና ወደ ሐኪም ይሂድ። ሐዘኑ ሳምንታት የማይለቀውም እንዲሁ ያድርግ። ለስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ሳይጠይቅ የመብሉን ሥርዓት አይለውጥ። ይህ ሁሉ ሕመም እንጂ ነውር አይደለም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ሆድህ ሲራብ እንጀራ ስጠው፥ አትንፈገው። ልብህ ሲራብ ግን እንጀራ ሰጥተህ አታታልለው፤ ዕረፍትን ወይም ወዳጅን ወይም የእውነት ቃልን ስጠው።

ለምርመራ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1። የሆድ ራብና የልብ ራብ በምን በምን ይለያያሉ?
2። ራሱን አብዝቶ ያስራበ ሰው ስለምን በኋላ አብዝቶ ይበላል?
3። በቤትህ ሐዘን የሚበረታብህ በየትኛው ሰዓት ነው? ለዚያ ሰዓት ምን በር አዘጋጅተሃል?
4። በቤተ ሰብህ መካከል ለሁሉ አቅርቦ ራሱ ሳይቀመጥ የሚቀር ማን ነው? ዛሬ ማታ ቦታ ልትሰጠው ትችላለህን?