አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ፍርድ ቤት፣ ሁለት ውሳኔ

መግቢያ

የግል ኮሌጅ ማስታወቂያ ያልሰማ ሰው የለም። በሬዲዮ ይሁን በታክሲ ውስጥ የሚደጋገመው ቃል ያው አንድ ነው፤ «እውቅና ያለው»። እኛም ለምዝገባ ስንሯሯጥ ወላጆቻችን አስቀድመው የጠየቁን ይህንኑ ነበር። እውቅና ምንድን ነው ብንባል ግን ብዙዎቻችን «መምህራን አሉት፣ መጻሕፍት አሉት፣ ሥርዓተ ትምህርቱ የተሟላ ነው» ከማለት አናልፍም። ለመሆኑ እውቅና ሰጪው አካል ትምህርቱን መርምሮ «በቂ ነው» ካለ በኋላ «ተማሪ የምትቀበሉበት ደንብ ግን አይሆንም» ብሎ መከልከል ይችላል? ደንቡ ከሃይማኖት የመነጨ ቢሆንስ?

የሚዲያ ሕግና ሥነ ምግባር መምህራችን ክፍሉን ለሁለት ከፍለው ያከራከሩን በዚህ ጥያቄ ነው። የተሰጠን ጉዳይ በካናዳ የሚገኘው የትሪኒቲ ዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነበር። እኔ በሃይማኖት ትምህርት ቤት ስላደግሁ ልቤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ያደላ ነበር። እጣው ግን ከተቃራኒው ወገን ጣለኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ክርክር ስዘጋጅ ካነበብኩት የተቀነጨበ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል ልናገር። ተመሳሳይ ፆታ ያላቸውን ስለሚያፈቅሩ ሰዎች ስንጽፍ በዜና ቋንቋችን የተለመደው ስያሜ ገና ሲጠራ ፍርድ ይሰጣል። ጋዜጠኛ ፍርዱን በስያሜ ውስጥ ከደበቀው የቀረው ዘገባ ትርጉም የለውም። ስለዚህ እዚህ «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች» እላለሁ። ካናዳውያኑ ከተወለዱበት ፆታ የተለየ ማንነት አለን የሚሉትንና ሌሎችንም ጨምረው «ኤልጂቢቲኪው» በሚል ምኅጻረ ቃል ይጠሯቸዋል።

የጉዳዩ መነሻ

ትሪኒቲ ዌስተርን በ1962 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር፣ ላንግሊ በተባለች ከተማ የተቋቋመ የወንጌላውያን ክርስቲያኖች የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪውም መምህሩም ሠራተኛውም «የማኅበረሰብ ቃል ኪዳን» በተባለ ሰነድ ላይ ይፈርሙ ነበር። ሰነዱ ከያዛቸው ብዙ ነገሮች አንዱ፣ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል ካለ ጋብቻ ውጪ ከሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብን ይመለከታል። ቃል ኪዳኑ በግቢ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከግቢ ውጪም ይጸና ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ደንቡ ያላገቡ ወንድና ሴትንም ይከለክላል። ልዩነቱ ወንድና ሴት ተጋብተው ደንቡን ማክበር መቻላቸው ነው። የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ደግሞ በመላው ካናዳ በ2005 በሕግ ጸድቋል። ታዲያ በአገሪቱ ሕግ የተጋቡ ሁለት ሴቶች በዚህ ደንብ ፊት እንዳልተጋቡ ይቆጠራሉ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ

ነገሩ የተጀመረው በሕግ ትምህርት ሳይሆን በመምህራን ሥልጠና ነው። የትሪኒቲ ዌስተርን እጩ መምህራን የመጨረሻውን ዓመት የሚማሩት በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ኃላፊነት ሥር ነበር። ዩኒቨርሲቲው «ሙሉ ፕሮግራሙን እኔው ልስጥ» ብሎ ሲያመለክት የክፍለ ሀገሩ የመምህራን ፈቃድ ሰጪ አካል በ1996 እምቢ አለ። ምክንያቱ ስጋት ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ሰነድ ፈርመው የተመረቁ መምህራን በመንግሥት ትምህርት ቤት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ተማሪዎችን ቢያገሉስ የሚል።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001፣ በ8 ለ1 ድምፅ ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ። የውሳኔው ፍሬ ነገር ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ሰው የፈለገውን የማመን መብቱ ሰፊ ነው፤ በእምነቱ ተመርኩዞ በሌላው ላይ የማድረግ መብቱ ግን ጠባብ ነው። ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የወጡ መምህራን ክፍል ውስጥ ተማሪ አግልለዋል የሚል ማስረጃ አልቀረበም። ያገለለ መምህር ቢገኝ ይቀጣ፤ ገና ለገና ያገሉ ይሆናል ተብሎ ግን ፕሮግራም አይከለከልም።

ሁለተኛው ዙር

በ2012 ዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ለመክፈት ሐሳብ አቀረበ። በዓመት 60 ተማሪዎችን ለመቀበል ነበር ያቀደው። የካናዳ የጠበቆች ማኅበራት ፌዴሬሽን ሥርዓተ ትምህርቱን መርምሮ በታኅሣሥ ወር 2013 የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ ሰጠ። እንግዲህ በትምህርቱ ጥራት ላይ ጥያቄ አልነበረም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ቁልፉ ይኸው ነውና።

በካናዳ ጠበቃ ለመሆን ዲግሪ ብቻ አይበቃም። የየክፍለ ሀገሩ የጠበቆች ማኅበር ፈቃድ መስጠት አለበት፤ ማኅበሩም የትኛውን የሕግ ትምህርት ቤት እንደሚቀበል ይወስናል። የብሪቲሽ ኮሎምቢያው ማኅበር ቦርድ በሚያዝያ 2014 አልከለከለም ነበር። አባላቱ ግን አልተዋጠላቸውም። በሰኔ ወር ልዩ ጉባኤ ጠርተው በ3,210 ለ968 ድምፅ ተቃወሙ። በጥቅምት ደግሞ የሁሉም አባላት ድምፅ ተሰብስቦ 5,951 ሲቃወሙ 2,088 ደገፉ። ቦርዱም ውሳኔውን ቀለበሰ። የኦንታሪዮው ማኅበር አስቀድሞ በሚያዝያ 2014 በ28 ለ21 ከልክሎ ነበር። የኖቫ ስኮሺያው በበኩሉ «ቃል ኪዳኑ ለሕግ ተማሪዎች ግዴታ መሆኑ ከቀረ እንቀበላለን» አለ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በየፍርድ ቤቱ ተንከራተተ። ኖቫ ስኮሺያና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ረታ፤ ኦንታሪዮ ውስጥ ተረታ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2016 ያነሳው ነጥብ ሊዘለል አይገባውም። ብዙኃኑ በመቻቻል ስም፣ በጎ አስቦም ቢሆን፣ ሃይ የሚለው ከሌለ በአናሳው ላይ ራሱ ያለመቻቻል የሆነ ነገር ሊጭን ይችላል ሲል አስጠነቀቀ። እውነትም የአንድን ወገን መብት በድምፅ ብልጫ መወሰን ለማንም አይበጅም። ዛሬ ብዙኃን የሆነ ነገ አናሳ ይሆናልና።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 15 ቀን 2018፣ በ7 ለ2 ድምፅ ለጠበቆች ማኅበራቱ ፈረደ። በ2001 የረታው ዩኒቨርሲቲ በ2018 ተረታ።

ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ብዙ ሰው ውሳኔውን «ዘመኑ ተለወጠ፣ ዳኞቹም ተለወጡ» ብሎ ያልፈዋል። በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሁለቱን ጉዳዮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ጥያቄው ራሱ የተለየ ሆኖ አገኘሁት።

በ2001 የተጠየቀው «ከበሩ የሚወጣው ምሩቅ ምን ያደርግ ይሆን?» የሚል ነው። ይህ ስለ ወደፊት የሚደረግ ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። በ2018 የተጠየቀው «በበሩ መግባት የሚችለው ማን ነው?» የሚል ነው። ለዚህ ግምት አያስፈልግም፤ መልሱ በሰነዱ ላይ ተጽፏል። 60 የሕግ ትምህርት ቦታ ቢከፈት ለሁሉም እኩል አይከፈትም ነበር። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆነች ተማሪ ወይ ትቀራለች፣ ወይ ፈርማ ማንነቷን ደብቃ ትማራለች። አብላጫ ድምፅ የሰጡት ዳኞች የጠበቃነትን ሙያ በር ለሁሉም እኩል ክፍት ማድረግ ማኅበሩ የሚጠብቀው የሕዝብ ጥቅም አካል ነው አሉ።

በአናሳ ድምፅ የተለዩት ሁለት ዳኞች፣ ኮቴና ብራውን፣ ክርክራቸው ቀላል አልነበረም። ማኅበሩ ሥራው አንድ ሰው ለጥብቅና ብቁ መሆኑን ማጣራት ነው፤ የግል ትምህርት ቤትን የተማሪ ቅበላ መቆጣጠር የተሰጠው ሥልጣን አይደለም አሉ። ዩኒቨርሲቲው የግል ስለሆነም የመብቶችና ነፃነቶች ቻርተሩ አያስገድደውም፤ ቻርተሩ የሚያስገድደው መንግሥታዊ ሥልጣን የያዘውን ማኅበር ነው፣ ማኅበሩም በእምነት ጉዳይ ገለልተኛ መሆን አለበት ሲሉ ተከራከሩ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አብላጫዎቹ ዳኞች በዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ የሃይማኖት ነፃነት ላይ የደረሰው ጫና አነስተኛ ነው ብለዋል። ቃል ኪዳኑ ለሃይማኖታዊ ኑሯቸው ተመራጭ እንጂ የግድ አይደለም የሚል ነው ምክንያታቸው። ከአሸናፊው ጎን የተሰለፉት ማክላክሊን ግን በተለየ ጽሑፋቸው በዚህ አልተስማሙም። ጫናው ከባድ ነው፤ ከባድም ቢሆን አድልዎን ላለመደገፍ ሲባል ውሳኔው ትክክል ነው አሉ።

ይህን ሳነብ የራሴ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። የተማርኩት ቤተ ክርስቲያን በሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት በሰልፍ ላይ ጸሎት ይደረግ ነበር። አጠገቤ የሚሰለፈው ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፤ እኛ ስንጸልይ ዝም ብሎ ይቆማል። ለእኔ ያ ጸሎት ነፍስ ነበረው። «ተመራጭ እንጂ የግድ አይደለም» ብሎ ከውጭ የሚለካልኝ ሰው ቢመጣ እናደድ ነበር። ለክርክሩ ስዘጋጅ ለጓደኛዬ ደውዬ «ያኔ ምን ይሰማህ ነበር?» አልኩት። ሳቀና «ኧረ ምንም፣ ቆሜ አሳልፈው ነበር» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን «አሚን በል ቢሉኝ ኖሮ አልማርም ነበር» አለ።

ትልቁ ነገር ይኸው መሰለኝ። እኔ ስጸልይ እሱ ቆሞ ማሳለፍ ችሏል። የእኔ ጸሎት የእሱን ቦታ አልወሰደበትም። «ካልጸለይክ አትገባም» ቢባል ግን የእኔ ነፃነት የእሱ በር ላይ መቆለፊያ ይሆን ነበር። የትሪኒቲ ዌስተርን ቃል ኪዳን መቆም ሳይሆን ፊርማ ይጠይቅ ነበር።

ለእኛ ለጋዜጠኞች

የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የወንጀል ሕጋችን ስለሚከለክል ጉዳዩ በካናዳው መልክ ወደ እኛ አይመጣም። «እውቅና ሰጪው እስከ ምን ድረስ ይጠይቅ?» የሚለው ግን በየትም አገር አለ። እንዲህ ያለ ዜና እጃችን ሲገባ ሦስት ነገር ብናስታውስ ይበጃል።

1ኛ. ውሳኔው ምን እንዳላለ ማወቅ። «ፍርድ ቤቱ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ዘጋ» ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ ተሳስቷል። ዩኒቨርሲቲው አልተዘጋም፤ እምነቱም አልተከለከለም። የተከለከለው ቃል ኪዳኑን ግዴታ ያደረገ የሕግ ትምህርት ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በነሐሴ 2018፣ ቃል ኪዳኑ ከዚያው የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለተማሪዎች ግዴታ እንዳይሆን ወስኗል።

2ኛ. የሁለቱንም ወገን ክርክር ባለቤቱ ሰምቶ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» በሚለው ቃል ማቅረብ። «አክራሪዎች»፣ «እምነት የለሾች» እያልን ከጻፍን ግማሹን አንባቢ ገና ከመነሻው አጥተነዋል።

3ኛ. የተሸነፈውን ወገን ማንበብ። የአናሳ ድምፁን ሐሳብ ያላነበበ ሰው ክርክሩ ለምን ከባድ እንደነበረ ሊያስረዳ አይችልም።

ማጠቃለያ

በክርክሩ ቀን የእኛ ቡድን በክፍሉ ድምፅ አሸነፈ። ደስ ብሎኛል ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ ልቤ ግማሹ ከወዲያ ነበር። የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው። የሙያ ፈቃድ የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ወደ ሙያው የሚያስገባው በር ሰውን በማንነቱ መመለስ የለበትም። በዚህ ከውሳኔው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን የሚሸነፈውን ወገን «የተነካብህ ጥቂት ነው» ብሎ መሸኘት ሚዛኑን ማጭበርበር ነው። ሚዛን ሚዛን የሚሆነው ሁለቱም ወገን ክብደቱ ሳይቀነስበት ሲቀመጥ ነው። ማክላክሊን ያደረጉት ይህንን ይመስለኛል፤ የሚወስዱትን ነገር ዋጋ አውቀው፣ ተናግረው፣ ከዚያ ወሰኑ።

የማትስማሙ ካላችሁ ብዕራችሁን አንሱ፤ ቡለቲኑ የሁላችንም ነው። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን።