ልማድ ሲወለድ፣ ሲያድግና ጡረታ ሲወጣ



«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የሚለውን ተረት ስንሰማ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ሌላ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ጦጣዋ እኛው ነን።

ልማድ እንዴት ይወለዳል? ነቢዩ ዳንኤልን እንመልከት። ለሠላሳ ቀን ከንጉሡ ከዳርዮስ በቀር ማንም እንዳይለመን ዐዋጅ በወጣ ጊዜ፣ ዳንኤል ወደ ቤቱ ገብቶ መስኮቱ ወደ ኢየሩሳሌም በተከፈተው እልፍኝ በቀን ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ ይህንንም ያደረገው አስቀድሞ ያደርገው እንደ ነበረ ነው (ዳን. 6፥10)። በዚያች የጭንቅ ቀን አዲስ ጸሎት መጀመር አላስፈለገውም። ሰዓቱ የታወቀ፣ ቦታውም የታወቀ ነበርና። ቤተ ክርስቲያናችንም ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያትን መወሰኗ ይህንኑ ያሳያል፤ «ሲመቸኝ እጸልያለሁ» የሚል ሰው እንደማይመቸው ሁላችንም እናውቀዋለን።

በዘመናችንም ይህን ነገር የመረመሩ አሉ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ 96 በጎ ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ተግባር መርጠው በየቀኑ በአንድ ዓይነት አጋጣሚ፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ፣ ለ12 ሳምንታት እንዲፈጽሙ ተደረገ። ተግባሩ ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ፈጀ፤ ለአንዳንዱ 18፣ ለሌላው እስከ 254 ቀን ተገምቷል። አንድ ቀን መዝለልም የተጀመረውን ያን ያህል አላበላሸውም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነውና ከ66 ያንሳል፤ ጾሙ ሲፈታ ጸሎቱንም አብረን የምንፈታው ለዚህ ይሆን? (ይህ የእኛ ቀልድ ነው፤ ስንፍናችንን ግን አይሸፍነውም።)

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር እንምጣ። በአንድ የፈተና ሰሞን ከመካከላችን ጥቂቶች «እንቅልፍ ለማባረር ነው፤ ፈተናው ሲያልቅ እንተወዋለን» ብለን ጫት መቃም ጀመርን። ፈተናው አለቀ። ነገር ግን ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን እግራችን ሳናዘው ወደዚያው ክፍል ይሄድ ነበር። ማታ ደግሞ ምርቃናው እንቅልፍ ሲከለክል አንዳንዶቻችን ወደ ጨብሲ ሄድን፤ አንዱ ልማድ ሌላውን ወለደ ማለት ነው። ከእኛው አንዱ በመጀመሪያ ከመዝሙር ጥናት ቀረ፤ ቀጥሎም ከቅዳሴ። እኛ ግን «ትምህርት በዝቶበት ነው» እያልን ዝም አልን። እውነቱን እናውቅ ነበር።

ለመተው ስንነሣ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። ሁለት ሳምንት ትተነው ስናበቃ፣ ከዕረፍት ተመልሰን ያንን ክፍል ባየን ጊዜ ምኞቱ እንደ ትናንት ሆኖ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ይህን በውሾች አይቶት ነበር። ምግብ ሲመጣ አንድ ምልክት መስጠትን ያስለመዳቸው ውሾች፣ በምልክቱ ብቻ ለሃጫቸው ይወርድ ጀመር። ምልክቱን ያለ ምግብ ደጋግሞ ሲሰጣቸው ለሃጩ እየቀነሰ ጠፋ፤ ጥቂት ካረፉ በኋላ ግን ምልክቱን ሲያገኙ እንደገና ወረደ። እንግዲህ አሮጌ ልማድ ጡረታ ይወጣል እንጂ ቶሎ አይሞትም።

ጌታችን ስለ ወጣው ርኩስ መንፈስ የተናገረው ምሳሌም (ማቴ. 12፥43-45) በዚህ ጊዜ ገባን። ቤቱ ተጠርጎ አጊጦ ነበር፤ ጉዳቱ ባዶ መሆኑ ነው። የንስሐ አባታችንም ስንት ቀን እንደ ተውን አልጠየቁንም፤ የጠየቁን «በስምንት ሰዓት አሁን ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ነው። መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት ወደ ቤተ መጻሕፍት አብረን እንሄዳለን፤ በ11 ሰዓትም ወጥተን የሠርክ ጸሎት እናደርሳለን። በዚያ ክፍል በር የሚያልፈውንም መንገድ ለውጠናል። መንገድ መለወጥ እንደ ቀላል ይታያል፤ እኛን ግን ከብዙ ፉከራ ይልቅ ረድቶናል።

ጡረታ መውጣት ያለበት ክፉ ልማድ ብቻ አይደለም። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራው የናስ እባብ በምድረ በዳ ሕዝቡን አድኖአል (ዘኍ. 21፥9)። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ግን ሕዝቡ ያጥኑለት ስለ ነበር ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው (2ነገ. 18፥4)። እኛም በመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ላይ፣ ጸሎት ያደረሰ ሰው በስሙ አንጻር ምልክት የሚያደርግበት ወረቀት ለጥፈን ነበር። በመጀመሪያ ሰነፉን አነቃው። በኋላ ግን የማን ምልክት እንደሚበዛ መቁጠር መጣ፤ ሳይጸልይ ምልክት ያደረገም ተገኘ። ተመካክረን ወረቀቱን ቀደድነው።

የሠርኩ ጸሎት ግን አልተቋረጠም። ከእኛ የቀረው ወንድማችን ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን መጥቶ ነበር፤ ሦስተኛው ቀን ቀረ። ማታ ወደ ክፍሉ ሄደን ስለ ቀረበት ቀን ሳንጠይቀው ስለ ነገው ሰዓት ተነጋገርን። በስምንት ሰዓት ከምግብ ቤቱ በር ላይ እንጠብቀዋለን።