ጽንሷ ጉዳት እንዳለበት ስለ ተነገራት እናት ኀዘን

ነፍሰ ጡር ወደ ሐኪም ስትሄድ የምትጠብቀው «ደኅና ነው» የሚለውን ቃል ነው። በድምፅ ሞገድ የማሕፀንን ውስጥ የሚያሳየው አልትራሳውንድ የተባለው መሣሪያ ግን አንዳንድ ጊዜ ሌላ ወሬ ያመጣል። በግላስጎ ከተማ የነበሩት ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1958 ስለዚህ ምርመራ ጽሑፋቸውን ካሳተሙ ወዲህ፥ ቀድሞ በወሊድ ቀን ብቻ ይታይ የነበረው ጉዳት ከወራት በፊት የሚታወቅ እየሆነ መጥቷል። ዕውቀቱ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም እናቲቱ ኀዘኑን በሆዷ ይዛ የምትቆይበትን ጊዜ አስረዝሞታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፥ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ በዚህ መሣሪያ እንድትታይ ይመክራል። የጽንሱ አካል ተለይቶ የሚመረመረው በተለይ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ይህም ወቅት እናቲቱ የሕፃኑን እንቅስቃሴ ማወቅ የጀመረችበት፥ እርግዝናዋም ለጎረቤት የተገለጠበት ነው። ከሐኪም ዘንድ ስትመለስ በመንገድ ያገኛት ሁሉ «በሰላም ይገላግልሽ» ይላታል፤ እርስዋም «አሜን» ማለት አለባት። ይህ «አሜን» ምን ያህል እንደሚከብድ ያልደረሰበት ሰው በቀላሉ አይገምተውም።

የመጀመሪያው ስሜት ድንጋጤ ነው። ሐኪሙ ነገሩን ከገለጠ በኋላ የሚናገረውን ብዙዎቹ እናቶች አይሰሙትም፤ ቢሰሙም አያስታውሱትም። ስለዚህ ባል ወይም እኅት አብሮ ቢገኝና ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሰው እንዲጠይቁ ቢደረግ ይጠቅማል። ከዚያም «መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል» ማለት፥ ቁጣና ትካዜ ይከተላሉ። ዴኒስ ድሮታርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት የወለዱ ወላጆችን ጠይቀው ተመሳሳይ ተራ ጽፈዋል። መምህራን አንባብያን ግን ይህን ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ክፍል እንደ ማለፍ እንዳይቆጥሩት እናሳስባለን፤ ትናንት የተረጋጋችው ሴት ዛሬ እንደ መጀመሪያው ቀን ልታለቅስ ትችላለችና።

ከሁሉ የከፋው ራስን መክሰስ ነው። «እንስራ ስለ ተሸከምሁ ነው፤ ስለ ደነገጥሁ ነው፤ አምሮቴን ስላላገኘሁ ነው» እያለች ያለፉትን ወራት ትመረምራለች፤ ከቤተ ዘመድም «ምን አድርገሽ ነው?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልሱ ግልጥ ነው። በአገራችን በብዛት የሚታየውን የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ጉዳት እንውሰድ። እነዚህ አካላት የሚሠሩበት ቧንቧ የሚዘጋው ከተፀነሰ በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አላወቁም። በአምስተኛው ወር የተነሣ እንስራ በመጀመሪያው ወር የሆነውን ነገር ሊያመጣ አይችልም። «ምን አድርገሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አስተያየት ከጭካኔ የሚቈጠር ነው።

የኀዘኑም መጠን በጉዳቱ መጠን አይለካም። የከንፈር መሰንጠቅ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል፤ የእግር መቈልመምም ከወሊድ በኋላ በየሳምንቱ በሚለወጥ ጀሶ ይቃናል፤ ቢሆንም እናቲቱ በዐሳቧ ስላ የነበረችውን ሕፃን ያጣች ያህል ታዝናለች። ባልም ያዝናል፤ ነገር ግን «አይዞሽ» የሚለው እርሱ ስለ ሆነ ኀዘኑን ይደብቃል፤ ሚስቱም ዝምታውን ግድ የለሽነት ታደርገዋለች። ብዙ ትዳር በዚህ አለመግባባት ተጎድቷል።

ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፥ ዕድር ይወጣል፥ ጎረቤት ያድራል። ለዚህ ኀዘን ግን ለቅሶ ደራሽ የለውም። «ልጅ ሌላ ይመጣል» ብሎ ለማጽናናት መሞከር አይረዳም፤ ቡና አፍልቶ አጠገቧ መቀመጥና ብትናገር መስማት ይሻላል። ጉዳቱ የማይድንና ከባድ በሆነ ጊዜ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝናውን በሕክምና ማቋረጥን ይፈቅዳል። ብታቋርጠውም ብትቀጥልበትም ውሳኔው የእርስዋ ነው፤ በሁለቱም መንገድ ኀዘን አለ፤ ጎረቤትም ዳኛ ሊሆን አይገባውም። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቃት ወደ ሐኪም ትወሰድ፤ ሞትን የምትመኝ ከሆነ ግን በዚያው ዕለት።

ስለሚቀጥለው እርግዝና፦ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው በሰባት አገሮች የተደረገ ጥናት፥ ቀድሞ እንዲህ ያለ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት የደረሰባቸው ሴቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ፥ ጉዳቱ የሚደገምበት ዕድል በ72 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህን መጠን የሚያዘው ሐኪም ነው፤ ለሌሎች ሴቶች በቀን 400 ማይክሮግራም ይበቃል። ይህን የምንነግራት ለወደፊቱ እንጂ ስላለፈው እንድትጸጸት አይደለም። ወደ ምርመራው ክፍል ዳግመኛ ስትገባ የቀድሞው ፍርሃት ስለሚመለስባት፥ ባሏ በዚያን ቀን ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ አብሯት ይሂድ፤ የትምህርት ቤት ዲሬክተሮችም ፈቃዱን ምክንያት ሳያበዙ ይስጡ።