የተጎታች ቤት መወጣጫ

ቤት በአንድ ስፍራ ጸንቶ የሚቆም፣ ተሽከርካሪ ደግሞ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚጓዝ ነገር ነው። በሰሜን አሜሪካ ግን እነዚህ ሁለት ባሕርያት በአንድነት የተዋሐዱበት መኖሪያ አለ። ይኸውም አልጋው፣ ምድጃው፣ የውሃ ማጠራቀሚያውና የልብስ ሣጥኑ በውስጡ ተሟልቶ፣ እንደ ጭነት መኪና ተሳቢ ከመኪና ኋላ ተቀጥሎ የሚሄደው ተጎታች ቤት ነው። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ በጡረታ ከሥራ የተገለሉ ሰዎች ናቸው። ልጆቻቸውን አሳድገው ከጨረሱ በኋላ የብርዱን ወራት ሞቃት በሆነው በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል፣ የሙቀቱን ወራት ደግሞ በሰሜኑ ለማሳለፍ ቤታቸውን አስከትለው ይጓዛሉ።

እንዲህ ያለው ቤት በጎማና በባሌስትራ ላይ የተሠራ በመሆኑ ወለሉ ከመሬት በጣም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የሚገባ ሁሉ መውጣት፣ የሚወጣም ሁሉ መውረድ አለበት። አንድ ቤተሰብ ውሃ ለመቅዳት፣ ቆሻሻ ለመድፋት፣ ውሻ ለማንሸራሸር፣ ወይም ሰማዩን አይቶ ለመመለስ ብቻ በቀን ስንት ጊዜ በመወጣጫው ላይ እንደሚመላለስ ቢቆጠር ቍጥሩ የሚያስደንቅ ይሆናል። ነገር ግን ገዢው ቤቱን ሲመርጥ ምድጃውን ከፍቶ ያያል፤ ፍራሹን በእጁ ይጫናል፤ መስኮቱን ይስባል። መወጣጫውን ረግጦ ይገባል፣ ረግጦም ይወጣል እንጂ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ የሚመለከት ጥቂት ነው።

የመግቢያው ነገር የዚህ ዐይነቱን ቤት ሠሪዎች ከመጀመሪያው አንሥቶ ያሳሰባቸው ጉዳይ ነው። በዚህ ሙያ ስሙ የታወቀው አሜሪካዊው ዋሊ ባያም የመጀመሪያ ሥራውን የጀመረው ባለቤቱ መሬት ላይ መተኛትን ስለጠላች ነበር ይባላል። ባያም ከሠራቸው ቀደምት ቤቶች በአንዱ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ለማድረግ ጣራውን ከፍ ከማድረጉም በላይ ወለሉን በጎማዎቹ መካከል ዝቅ አደረገው። ወለሉ ዝቅ ሲል መግቢያውም አብሮ ዝቅ ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ሆውሊ ባውለስ የተባለው የአየር ተንሳፋፊ ሠሪ ያወጣው የአሉሚኒየም ተጎታች ቤት ግን በሩ ከፊት ለፊት፣ ከመጎተቻው ብረት በላይ ነበር። የሚገባው ሰው በመጀመሪያ መጎተቻውን መሻገር ነበረበት። ባያም ያንኑ ንድፍ መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1936 «ኤርስትሪም ክሊፐር» የተባለውን ቤት ሲያወጣ በሩን ወደ ጎን አዛወረው። ዛሬም በአሜሪካ መንገዶች ላይ የሚታዩት ተጎታች ቤቶች በራቸው በአብዛኛው በጎን ነው፤ ያም ጎን መኪኖች ከሚተላለፉበት የራቀው የቀኙ ጎን ነው።

የባያም ቤቶች ለኢትዮጵያ መንገዶችም እንግዳ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1959 ባያም የመራው የተጎታች ቤቶች ጉዞ ከኬፕ ታውን ተነሥቶ ኢትዮጵያን አቋርጦ እስከ ካይሮ ዘልቋል። መንገዱ ጭቃና ድንጋይ የበዛበት፣ ማረፊያውም ወጣ ገባ ነበርና እነዚያ መንገደኞች የበራቸው ከፍታ በየማደሪያው አንድ ዐይነት እንደማይሆን ከማንም የበለጠ ሳያውቁት አልቀሩም።

ከጊዜ በኋላ የሰው ፍላጎት እየሰፋ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውና የዕቃው ክብደት እየጨመረ ሄዶ ወለሉ ከጎማዎቹ በላይ ወጣ። በፋብሪካ የሚገጠመው የተለመደው መወጣጫም ከበሩ ሥር የሚንጠለጠል ተጣጣፊ ብረት ሆነ። ሲዘረጋ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት መርገጫ ይኖረዋል፤ ጉዞ ሲጀመር ተጣጥፎ ከወለሉ በታች ይገባል። ክንዶቹ የሚታጠፉት በሪቬት ላይ ሲሆን መላው አካል በጥቂት ብሎኖች ከሻንሲው ጋር ይያያዛል። የታችኛው መርገጫ መሬት አይነካም። በአየር ላይ እንዳለ ሰውን ይሸከማል። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የክብደቱን አካሄድ በመፈንቅል ሕግ መረዳት ይቻላል። መወጣጫው በሁለት ረድፍ ብሎኖች ከሻንሲው ጋር ታስሯል እንበል፤ አንዱ ረድፍ በውጭ፣ ሌላው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይገኛል። የታችኛው መርገጫ ከውጭኛው ረድፍ 60 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በዚያ መርገጫ ላይ ሲቆም የውስጡ ረድፍ እንደ መደገፊያ ይሆንና የውጭው ረድፍ ወደ ታች ይሳባል። ሰውየው ከውስጠኛው ረድፍ ያለው ርቀት የብሎኖቹ ረድፎች እርስ በርስ ካላቸው ርቀት አራት እጥፍ ስለሆነ በውጭኛው ረድፍ ላይ የሚደርሰው የመንቀል ኀይል የ320 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ሰው ሲቆም የውጭዎቹ ብሎኖች አራት ሰዎች እንደ ተንጠለጠሉባቸው ሆነው ይሠራሉ። ይህም ሰውየው ዝም ብሎ ሲቆም ነው። ዕቃ ተሸክሞ ዘጭ ብሎ ሲወርድ ኀይሉ ከዚህም ይበልጣል።

ይህ በየቀኑ ሲደጋገም የሪቬቱ ቀዳዳ ክብነቱን ትቶ ሞላላ ይሆናል። ሻንሲው የሳሳ ብረት ከሆነ ብሎን በገባበት አካባቢ ይጎብጣል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። መወጣጫው ሲረገጥ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ይወዛወዛል። ባለቤቱም መርገጫው ጠብቦት መስሎት ሰፋ ያለ መርገጫ ይገዛል፤ ወይም ምንጣፍ ያለብሰዋል። ሰፊው መርገጫ ሰው ይበልጥ ወደ ውጭ እንዲቆም ስለሚያደርግ በብሎኖቹ ላይ ያለውን ጭነት ያከብደዋል። ምንጣፉ ደግሞ ውሃ ይዞ ብረቱን ከሥሩ ያዝገዋል። ጣራው የሚያፈስን ቤት መጋረጃ በመለወጥ ማደስ ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከብረቱ ጥንካሬ ጋር አይገናኝም። ሰው ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ እያንዳንዱን እርምጃ በዐይኑ አይለካም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርምጃዎች እግሩ ይለካና የቀሩትንም በዚያው ልክ ይጠብቃል። ፈረንሳዊው የሥነ ሕንፃ ሊቅ ፍራንሷ ብሎንዴል በ17ኛው መቶ ዘመን የደረጃን መጠን ከሰው እርምጃ ርዝመት ጋር አያይዞ አስልቷል። በስሌቱ መሠረት የአንዱ ደረጃ ከፍታ እጥፍ ከመርገጫው ጥልቀት ጋር ሲደመር የአንድ እርምጃን ርዝመት፣ ዛሬ እንደሚሠራበት ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ መስጠት አለበት። በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች መሠረት የሆነው የመኖሪያ ቤቶች የግንባታ ደንብም የአንድ ደረጃ ከፍታ ከ19.7 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። በአንድ መወጣጫ ውስጥ በትልቁና በትንሹ ከፍታ መካከል ያለው ልዩነትም ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች፣ ማለትም ከ9.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ እንዲሆን ይደነግጋል። ይህ ደንብ የተጻፈው መሬት ላይ ለቆመ ቤት ነው። እግር ግን ቆሞ በሚኖርና በሚሄድ ቤት መካከል ልዩነት አያደርግም።

አሁን ወለሉ ከመሬት 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ ሦስት መርገጫዎች ያሉት ተጎታች ቤት ይታሰብ። በደልዳላ ሜዳ ላይ ሲቆም ከመሬት እስከ ወለሉ አራት ከፍታዎች ይኖራሉ፤ እያንዳንዳቸውም 20 ሳንቲ ሜትር ናቸው። በማግስቱ ይኸው ቤት በሩ ካለበት ጎን መሬቱ 12 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ባለበት ስፍራ ያርፋል። ተንጠልጣዩ መወጣጫ እንደ ነበረ ነውና የላይኞቹ ሦስት ከፍታዎች 20፣ 20፣ 20 ሲሆኑ የመጨረሻው 32 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በጨለማ የሚወርዱ አንዲት አረጋዊት ሦስቱን እርምጃዎች በደኅና ከወረዱ በኋላ አራተኛውን በዚያው ልክ ይጠብቃሉ። መሬቱ ግን በጠበቁበት የለም። በደረጃ ላይ የሚደርሰው አደጋ ከመውጣት ይልቅ በመውረድ ጊዜ የሚበዛው ስለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው፤ ሲወጣ የተሰናከለ ሰው በእጁ ፊት ለፊቱን ይደገፋል፣ ሲወርድ የተሰናከለ ግን ከፊቱ የሚይዘው የለውም። በእርጅና ዘመን የሚደርስ የዳሌ አጥንት ስብራት በቀላሉ የሚድን አይደለም፤ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው መራመድ የማይችሉ ብዙዎች ናቸው። ለአንዳንድ ባልና ሚስት የጉዞው ዘመን የሚያበቃው ገንዘብ ወይም ፍላጎት በማጣት ሳይሆን በዚያች በመጨረሻዋ እርምጃ ነው።

እንግዲህ መወጣጫውን የሚያሻሽል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «የሰውየው ክብደት ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ለዚህም ከቤቱ ሥር ጎንበስ ብሎ መግባት ያስፈልጋል። ዳዶዎቹ መጥበቃቸው፣ ሻንሲው አለመሰንጠቁ ይታያል። የበሩ ደፍ ውሃ ሲያስገባ የቆየ እንደ ሆነ ወለሉ ሥር ያለው ኮምፔንሳቶ ሊበሰብስ ስለሚችል በወስፌ ወጋ ወጋ አድርጎ መፈተሽ ጥሩ ነው፤ ወስፌው ያለ ችግር ከሰመጠ በዚያ እንጨት ላይ ምንም ነገር ሊታሰርበት አይገባም። የላሉ ሪቬቶች ተነቅለው በነሐስ ቀለበት ውስጥ በሚዞሩ ብሎኖች ይተካሉ። ሻንሲው የጎበጠ ከሆነ ወፈር ያለ ላሜራ በብየዳ ይደገፋል። ይህን ሥራ መሥራት ያለበት ብየዳ በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሳሳ ብረት በሙቀት ብዛት ተበስቶ ከቀድሞው የባሰ ሊደክም ይችላልና።

ርካሹና ብዙ ጊዜ በቂ የሆነው ማሻሻያ ከታችኛው መርገጫ ሥር የሚቆም፣ እንደ ክሪክ በጥርስ እየዞረ የሚረዝምና የሚያጥር ድጋፍ ነው። ድጋፉ መሬት ሲነካ ያ በብሎኖቹ ላይ የነበረው የመንቀል ኀይል በእጅጉ ይቀንሳል፤ ክብደቱ በአብዛኛው በቀጥታ ወደ መሬት ይወርዳልና። የመጨረሻውን እርምጃ ከፍታ ግን አያስተካክልም።

ሌላው ማሻሻያ አዲሱ ዐይነት መወጣጫ ነው። ይህ ከቤቱ ሥር አይንጠለጠልም። ሲታጠፍ ወደ ላይ ተነሥቶ በበሩ ውስጥ ይቆማል፤ ሲዘረጋ ደግሞ ሁለት እግሮቹ መሬት ላይ ያርፋሉ። እግሮቹ በቀዳዳና በመቆለፊያ የሚረዝሙና የሚያጥሩ ስለሆኑ ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይም መርገጫዎቹ ሳይዘሙ እንዲቆሙ ይረዳሉ። የሚረግጠው ሰው መወዛወዝ አይሰማውም። ጉድለት ግን አለው። የበሩን ስፋት በትክክል ለክቶ ያልገዛ ሰው የማይገባ ዕቃ ይዞ ይቀራል። መርገጫው ያነሣው ጭቃ ሲታጠፍ ወደ ቤት ይገባል። በጉዞ መካከል ለአፍታ ገብቶ ዕቃ ለማውጣት የሚፈልግ ሰውም መላውን መወጣጫ መዘርጋት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በየቦታው ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚቆም ወጣት ተጓዥ የተጠገነው አሮጌ መወጣጫ ሊበቃው ይችላል። በአንድ ስፍራ ለሳምንታት ለሚቀመጡ አረጋውያን ግን አዲሱ ያለ ጥርጥር ይሻላል።

በአሠራሩ ቅደም ተከተል ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የጎማዎቹ ታኮ ይደረጋል፤ ቀጥሎ ቤቱ በውሃ ልክ ይስተካከላል፤ የማዕዘን ድጋፎቹም ይወርዳሉ። የመወጣጫው እግሮች የሚለኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተቃራኒው ከተደረገ ቤቱ ሲወርድ ክብደቱ በመወጣጫው እግሮች ላይ ያርፍና የበሩን ደፍ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በሩም አልዘጋ ይላል። ለስላሳ አፈር በሆነ ስፍራ ደግሞ ከእግሮቹ ሥር ጣውላ ይነጠፋል።

ከበሩ ጎን የሚተከለው የእጅ መያዣ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ለወራጁ ከመርገጫው የማያንስ ጥቅም አለው። ነገር ግን በቤቱ ስስ ልባስ ላይ ብቻ የተመታ መያዣ የተደገፈበትን ሰው ይዞት ይወድቃልና ከውስጥ ባለው ማገር ላይ በብሎን መታሰር ይገባዋል። በመርገጫዎቹ ጫፍ ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ፣ ቀለሙም ከመርገጫው የተለየ ጥብጣብ ቢለጠፍ ዝናብ በዘነበ ጊዜ እግርን ከመንሸራተት ይጠብቃል፤ ዐይንም ጫፉን ለይቶ እንዲያይ ይረዳል። ከመኪናው ባትሪ የምትበራ አንዲት ትንሽ አምፑል ከመወጣጫው በላይ ብትሰቀል ለሌሊቱ መውረድ ትበቃለች። ማለዳ ጉዞ ሲጀመርም ነጂው ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሮ መወጣጫው መታጠፉን በዐይኑ ያረጋግጣል፤ ተዘርግቶ የቀረ መወጣጫ በመጀመሪያው የመንገድ ጠርዝ ተመትቶ ይገነጠላል።

ጥያቄዎች

1. የታችኛው መርገጫ ሰፋ እንዲል ማድረግ ብሎኖቹን የሚጎዳው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።

2. ወለሉ ከመሬት 72 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለና ሦስት መርገጫዎች ያሉት ቤት በደልዳላ መሬት ላይ ሲቆም እያንዳንዱ ከፍታ ስንት ይሆናል? መሬቱ በበሩ በኩል 9 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢልስ የመጨረሻው እርምጃ ስንት ይሆናል?

3. «እግር ግን ቆሞ በሚኖርና በሚሄድ ቤት መካከል ልዩነት አያደርግም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በምንባቡ ውስጥ ምን ለማለት ተጻፈ?

4. ደፍ፣ ማገር፣ ታኮ፣ ውሃ ልክ፣ ወስፌ የሚሉትን ቃላት እያንዳንዳቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብታችሁ ጻፉ።

5. የትምህርት ቤታችሁን አንድ ደረጃ ከታች እስከ ላይ ለኩ። ከፍታዎቹ እኩል መሆን አለመሆናቸውንና የተለየው የትኛው እንደ ሆነ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።