የፀሐይ መብራት ለገበሬ ቤት፤ በጥር ስትገዙ በሐምሌ ልክ ግዙ

ገበሬዎች ሆይ፤ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት አገር ቤት የሚበራው በኩራዝ ነው። የኩራዝ ጢስ የዓይንና የሳንባ ጠንቅ ነው፤ የሣር ክዳን ባለው ቤት ደግሞ የእሳት አደጋ ያመጣል። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ባላገሮች ወደ ፀሐይ መብራት ፊታቸውን መልሰዋል። ነገር ግን ገንዘቡ ወጥቶ ዕቃው ከተተከለ በኋላ በመጀመሪያው ክረምት የሚጠፋ መብራትም አለ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ዕቃው የሚገዛው አዝመራ ተሰብስቦ ገንዘብ በሚገኝበት በጥርና በየካቲት ነው። በዚያ ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ትንሹም ሰሌዳ የሚበቃ ይመስላል። ጉድለቱ የሚታወቀው በሐምሌ ነው።

1ኛ. ዕቃዎቹና ሥራቸው

ሰሌዳው የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። የሚሠራው በብርሃኑ እንጂ በሙቀቱ አይደለም፤ እንዲያውም ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል። ባትሪው ጎተራ ነው፤ ቀን የተገኘውን ለማታ ያስቀምጣል። መቆጣጠሪያው የጎተራው ዘበኛ ነው፤ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላና ተሟጦ እንዳያልቅ ይጠብቃል። ገንዘብ ለማዳን ብላችሁ መቆጣጠሪያውን አትተዉ፤ ያለ እርሱ ባትሪው ቶሎ ይበላሻል።

2ኛ. ፍጆታን መቁጠር

ጎተራ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የእህሉን ልክ ያስባል። እናንተም ከመግዛታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ ዋት በቀን በሚሠራበት ሰዓት አባዙ። ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ የሚከተለው አለው እንበል።

3 አምፑል፣ እያንዳንዱ 5 ዋት፣ በቀን 4 ሰዓት፤ 60 ዋት ሰዓት።
1 ሬዲዮ፣ 5 ዋት፣ በቀን 4 ሰዓት፤ 20 ዋት ሰዓት።
2 የእጅ ስልክ፣ ለእያንዳንዱ መሙያ 20፤ 40 ዋት ሰዓት።
ድምሩ በቀን 120 ዋት ሰዓት ነው።

ምጣድ በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይፈልጋል፤ ይህም የ70 ሰሌዳ ኃይል ነው፣ እያንዳንዱ ባለ 50 ዋት ቢሆን። በዚህ መብራት እንጀራ ይጋገራል የሚላችሁን ነጋዴ አትመኑት።

3ኛ. የሰሌዳው መጠን

የጥር ቀን ለሰሌዳው 6 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ይሰጣል። ደመና የበዛበት የሐምሌ ቀን ግን ተጠራቅሞ ቢመነዘር በደጋው አገር 4 ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። እንግዲህ 120ን ለ4 ብናካፍል 30 ዋት ይሆናል። በሽቦ፣ በባትሪና በአቧራ ለሚባክነው ግማሹን ስንጨምር 45 ዋት ይደርሳል። ስለዚህ ባለ 50 ዋት ሰሌዳ ግዙ።

በጥር ልክ የቆጠረ ሰው ግን ባለ 30 ዋት ይበቃኛል ይላል። ይህ ሰሌዳ በሐምሌ የሚሰጠው 80 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። በየቀኑ 40 ይጎድላል፤ ጉድለቱን የሚከፍለው ባትሪው ነው። ዘር እህሉን እየበላ የሚከርም ሰው ማለት ይህ ነው።

4ኛ. የባትሪው መጠን

ፀሐይ ለ2 ቀን ብትጠፋ 240 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ዘወትር ከተሟጠጠ ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ እጥፉን 480 እንያዝ። ይህንን ለ12 ቮልት ስናካፍል 40 አምፔር ሰዓት ይሆናል። የሊቲየም ባትሪ ይበልጥ መሟጠጥን ይችላልና 25 አምፔር ሰዓት ያህሉ ይበቃል፤ መቆጣጠሪያው ግን ለሊቲየም የሚስማማ መሆኑን ጠይቁ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ነው፤ ለቤት መብራት አይበረክትም።

5ኛ. አተካከል

ሀ. ሰሌዳው ፊቱን ወደ ደቡብ ያድርግ። ርዝመቱ 1 ሜትር ቢሆን የሰሜኑ ጫፍ ከደቡቡ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ ዝናቡም አቧራውን ያጥበዋል።
ለ. የዛፍ ጥላ አይንካው። ጥቂት ጥላ እንኳ ኃይሉን እጅግ ይቀንሳል።
ሐ. በሣር ክዳን ላይ አታስተኙት፤ በጠንካራ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ትከሉት። በቆርቆሮ ላይ ከሆነ ከሥሩ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ተዉለት።
መ. ሽቦው አጭርና ወፍራም ይሁን። ለ10 ሜትር ርቀት 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ያለው ሽቦ መልካም ነው። በባትሪው አጠገብ በፖዘቲቩ መስመር ላይ ፊውዝ አግቡ።
ሠ. ከመቆጣጠሪያው ጋር መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ሰሌዳውን፣ በመጨረሻ አምፑሎቹን አገናኙ። ስትፈቱ ከመጨረሻው ጀምሩ።

6ኛ. አያያዝ

ሰሌዳውን በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ሳይግል በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ አብሱት። የሚከፈት የአሲድ ባትሪ ውሃው ሲጎድል የባትሪ ውሃ ጨምሩበት እንጂ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ አታግቡ። ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና ከምድጃና ከኩራዝ አርቃችሁ፣ ነፋስ በሚገባበትና ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ አኑሩት። በክረምት ቀይ መብራት ባያችሁ ጊዜ ሬዲዮውን አጥፉ፤ አንዱን አምፑል ብቻ አብሩ።

ለልማት ሠራተኞች ማሳሰቢያ

ገበሬው ወደ ገበያ ከመውረዱ በፊት ቤቱ ሄዳችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። የቤቱን እመቤት ጠይቁ፤ መብራት ከሁሉ በፊት የት እንደሚያስፈልግ የምታውቀው እርሷ ናት። በሐምሌም ተመልሳችሁ ባትሪውን እዩ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ በቀን ስንት ዋት ሰዓት ያስፈልጋል?
2. ለዚህ በሐምሌ ስንት ዋት ሰሌዳ ይበቃል?
3. አንድ አምፑል ብትጨምሩ ሰሌዳውና ባትሪው በስንት ማደግ አለባቸው?