የመኪና ማቆሚያ ጎርፍን በአሸዋና በሣር ማጣራት

አዲስ አበባ ላይ ዝናብ ሲጥል ከየመኪና ማቆሚያው የሚታጠበው ዘይት፣ ግራሶና ጭቃ በየቦዩ ወርዶ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ ከዚያም አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል። ይህን ውሃ እዚያው ግቢ ውስጥ በአሸዋና በሣር መደብ ማጣራት ይቻላል። ጎርፉን በሙሉ ልያዝ ማለት ግን አያስፈልግም። ቆሻሻው የሚበዛው መጀመሪያ በሚወርደው ውሃ ነው፤ ማጣሪያው ለእሱ ይሠራ፣ የተረፈው ይለፍ።

መጀመሪያ ስሌቱን ይሥሩ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 200 ካሬ ሜትር ሊሾ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ከአሥር አንዱ እዚያው ቢቀር፣ 4,500 ሊትር ይወርዳል። 15 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው መደብ 20 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢያቁር 3,000 ሊትር ይይዛል፤ ቀሪው በአሸዋው ክፍተት ይገባል።

ቦታው የግቢው ዝቅተኛ ጥግ፣ ከቤቱ መሠረትም ቢያንስ 3 ሜትር የራቀ ይሁን። ዋልካ አፈር ከሆነ በቤቱ በኩል ያለውን የጉድጓድ ግድግዳ በወፍራም ላስቲክ ይሸፍኑ፤ ዋልካ ውሃ ሲጠጣ አብጦ ግንብ ይሰነጥቃል። አፈሩ ውሃ ምን ያህል እንደሚያሰርግ ለማወቅ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉ፤ ሲሰርግ ደግመው ሞልተው ይለኩ። በሰዓት ከ1.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከወረደ ከሥር የተበሳሳ ፒቪሲ ቱቦ የግድ ነው። ቱቦው የሚፈስበት ቦይ ከጉድጓዱ ወለል ዝቅ ማለቱን ቁፋሮ ሳይጀምሩ ያረጋግጡ።

ጉድጓዱ 1.2 ሜትር ይጥለቅ። ከሥር ቱቦውን ያቀፈ 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ደቃቅ ጠጠር፣ ከዚያ 60 ሳንቲ ሜትር ድብልቅ ይሙሉ፤ ስድስት እጅ አሸዋ፣ ሁለት እጅ ለም አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ሥራው የሚበላሸው አሸዋው ላይ ነው። ጭቃ ያለበት አሸዋ ማጣሪያውን በአንድ ክረምት ይደፍነዋል። ከመግዛትዎ በፊት ሃይላንድ ውስጥ እስከ ግማሽ ጨምረው፣ ውሃ ሞልተው በኃይል ይነቅንቁና ያሳድሩት። ጠዋት አሸዋው ላይ ወፈር ያለ የጭቃ ሽፋን ከታየ አይቀበሉት፤ ሻጩ ታጥቧል ቢልም።

ውሃው በሚገባበት አፍ ድንጋይ የተነጠፈበት ትንሽ ጉድጓድ ይሥሩ፤ ደለሉና ፌስታሉ እዚያ ይቀራል። ከመደቡ ገጽ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የትርፍ ውሃ ቱቦ አቁመው ወደ ጎርፍ ቦዩ ይልቀቁት፤ ከመጸዳጃ መስመር ጋር በፍጹም አያገናኙት። በመጨረሻ ቬቲቨር ሣር ይትከሉ። ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ደረቁንም ወቅት ይችላል።

ከትልልቅ ዝናብ በኋላ ደለሉን ያውጡ። ውሃው ከአንድ ቀን በላይ ከቆመ የላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር ጠርገው በአዲስ ድብልቅ ይተኩ።