ነገርን ትቶ ሰውን መንቀፍ

ክርክር ሁለት ወገን ነው፤ አንደኛው እውነትን ለማግኘት፥ ሁለተኛው ባላጋራን ለመርታት ይደረጋል። ፈላስፋው አርስቶትል እውነት መስሎ የሚያስተውን ማስረጃ በ13 ክፍል ለይቶታል፤ 6ቱ ከቃል አነጋገር፥ 7ቱ ከቃል ውጭ የሚመጡ ናቸው። እኛም ነገሩን በባሕረ ሐሳብ ምሳሌ እንመልከተው።

አንድ ወጣት ዲያቆን፥ «የ2018 ዓ.ም. ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይውላል» አለ እንበል። አንዱ፥ «የትናንት ልጅ ምን ያውቃል?» ቢል ሰውየውን ነቀፈ እንጂ ቃሉን አላፈረሰም። ሁለተኛው፥ «ጾም ሊሽር ነው» ቢል ያልተባለውን ፈጥሮ ከዚያው ጋር ተዋጋ። ሦስተኛው፥ «የእኛን ካልተቀበልህ አባቶችን ክደሃል» ቢል ሌላውን መንገድ ሁሉ ዘግቶ ሁለት ብቻ አስቀረ።

ከሦስቱ አንዱም ቁጥሩን አልነካም። የዓመቱ መጥቅዕ 18 ነው፤ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመሩ 25 ይሆናሉ። ድምሩም ከ30 ስለማያልፍ ጾሙ በጥር ይገባል። በዚህ ስሌት ውስጥ የዲያቆኑ ዕድሜ ቦታ የለውም።

ነገር ግን ማስረጃው የደከመ ቃል ሁሉ ሐሰት አይደለም። ዲያቆኑ፥ «መምህሬ ስላሉ ነው» ብቻ ቢል ማስረጃው ባይበቃም ቀኑ ያው ጥር 25 ነው። እንግዲህ መልስ የሚሰጥ ሁሉ አስቀድሞ፥ «የተባለው ምንድን ነው? መልሴስ ይህንኑ ይነካልን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ባላጋራውን ረትቶ ቀኑን የሳተ ሰው፥ የሚከተለውን ሕዝብ ሁሉ ከጾሙ ቀን ያስታልና።